የጀሮም ኮምጣጣ ማጥቀሻ

በበረዶው ወራት ጀሮም ዋተንን አልጋ ላይ የጣለው ኢንፍሉዌንዛ ሲለቀው ባዶ እጁን አልሄደም፤ የምላሱን ጣዕምና የአፍንጫውን ሽታ ይዞበት ሄደ። ሐኪሙ ይመለስ ይሆናል አለው። ጀሮምም ዳቦው ጨርቅ ጨርቅ፣ ቡናው ሙቅ ውሃ ሙቅ ውሃ እያለው ጠበቀ። አልተመለሰም። ሌላ ሰው ቢሆን ለጎረቤት አውርቶ፣ አይዞህ ተብሎ፣ ትንሽ ይቀልለት ነበር። ጀሮም ግን ለነፍስ ትንፍሽ አላለም፤ የደብሩ ማጥቀሻ ሠሪ እሱ ነዋ።

በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ በኬንታኪ በኩል ያሉት የካቶሊክ ደብሮች በየበጋው አንድ ቅዳሜ ይመርጡና በግ ይጠብሳሉ። ሥጋው በብሎኬት በታጠረ ፍም ላይ ተዘርግቶ ያድራል። ወንዶቹ በመንሽ ያገላብጡታል፤ ከነጋ በኋላም በየመሀሉ ማጥቀሻውን ገና ከሱቅ በመጣ የወለል መወልወያ ይቀቡታል። ማጥቀሻው ጥቁር፣ ቀጭን፣ ኮምጣጤ የበዛበት፣ ሎሚና ቁንዶ በርበሬ፣ ቅቤና ሌላም ሌላም የገባበት ነገር ነው። ያረጀ በግ ጮማ በልምምጥ ስለማይበገር ማጥቀሻው መኮምጠጥ አለበት። እያንዳንዱ ደብር የራሱን ይወዳል፤ የጎረቤት ደብር ማጥቀሻ ቀምሶ ፊቱን የማያጨማድድ ሰው አስተዳደጉ ያጠራጥራል። በዚህ ደብር ማጥቀሻው የሚፈላበት ጎላ የጀሮም ነው፤ ከእሱ በፊት የአባቱ ነበር። ልኩ ያለው በምላስ ላይ ብቻ ነው።

ጎላውን የለቀቀ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ጀሮም በዓይኑ አይቷል። ዛፍ ሥር ታጣፊ ወንበር ይሰጡትና የኬክ ሎተሪ ቲኬት ያስቆርጡታል። ሰው ሁሉ ሲያልፍ ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርገዋል፤ ልጆች ጮክ ብለው ያናግሩታል። ጀሮም ሞትን እንኳ ይህን ያህል አይፈራም። በዚያ ላይ የጥብሱ አለቃ ሂዩበርት ፔይን፣ የልጅነት ጓደኛው፣ ጎላውን ሲመኝ ኖሯል። ሂዩበርት ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ እጁ ስኳር ይወዳል። ለእሱ ቢሰጡት በዓመቱ ማጥቀሻው ማርማላታ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ጀሮም አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ ዘዴው ኮሪን ነበረች።

ኮሪን የልጁ የዳሪል ሚስት ናት። የመጣችው ከወንዙ ማዶ፣ ከኢንዲያና ነው። ድልድዩን ለመሻገር ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም፤ ለዋተን ቤተሰብ ግን ባሕር ተሻግራ የመጣች ያህል ነው፤ ማዶ ያሉ ሰዎች ጥብስ ላይ ኬችፕ ያፈሳሉ ይባላላ። ልጆች ወልዳ አሳድጋ፣ አማቷን አስታማ ቀብራ፣ አሁንም «የወንዝ ማዶዋ» ናት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጎላው አጠገብ ቀርባ አታውቅም፤ የሚጠራትም አልነበረም። ሰኔ ላይ ጀሮም በጓሮው ትንሽ ማጥቀሻ አፍልቶ ለሙከራ ሲጠራት እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች። በጭልፋ ሰጣት፤ እሷ ቀመሰች፤ እሱ ፊቷን አነበበ። የኮሪን ፊት ምንም ነገር መደበቅ አይችልም። ኮምጣጤ ሲጎድል ግንባሯ እንደለሰለሰ ይቀራል፣ ጨው ሲበዛ አገጯ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጀሮም ፊቷን እያየ ጨመረ፣ ቀነሰ፣ በመጨረሻም አገኘው። እሷ ክብር መስሏት ለደብሩ ቀን አዲስ ሽርጥ ገዛች። ጀሮም ሽርጡን ሲያይ ቅር አለው። ቢሆንም እውነቱን አልነገራትም።

ቅዳሜው ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ጀሮም በደብሩ ግቢ ጎላውን ጥዶ ቅቤውን አቀለጠ፣ ሎሚውን ጨመቀ፣ ከሱቅ የተገዛውን ጥቁር ሶስ ገለበጠ። ኮምጣጤውን ከቤቱ ጋራዥ በመኪና ጭኖ ያመጣው ራሱ ነው፤ የፕላስቲክ ጀሪካኖቹን ቆብ በየተራ እየነቀለ ጎላው ውስጥ አንዶቀዶቀ። ትኩስ ኮምጣጤ ዓይን ያስለቅሳል፤ እሱም ማሽተት ባይችል በእንባው ይተማመን ነበር። ዛሬ ግን እንባው እምብዛም አልመጣም። እንባዬም ጣዕሜንና ሽታዬን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው ብሎ አዘነና ማማሰሉን ቀጠለ።

ሲፈላ ኮሪንን ጠራት። ሽርጧን ለብሳ መጣች፤ ጭልፋውን ተቀብላ እፍ እፍ አለችና ፉት አለች። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልሆነም። የዝናብ ውሃ እንደጠጣ ሰው ባዶ ሆኖ ቀረ።

«ጥሩ ነው አባባ፤» አለች በትሕትና።

ጀሮም ደነገጠ። አንዳች ነገር ተበላሽቷል፤ ምን እንደሆነ ግን ከፊቷ ማንበብ አልቻለም። የተረፈችውን ኮምጣጤ ጨመረና ደግሞ አስቀመሳት፤ ያው ነው። ከወዲያ የሂዩበርት ሰዎች ባልዲያቸውን አንጠልጥለው መምጣት ጀምረዋል። ሥጋው ደርቆ ማጥቀሻ እየጠበቀ ነው። ዝም ቢል፣ ይሄ የተበላሸ ነገር ከተቀባ በኋላ ማንም የማይረሳው ጥብስ ይሆናል። ቢናገር ደግሞ ወንበሩ ዛፉ ሥር ተዘጋጅቶለታል። ባልዲዎቹ ቀረቡ። ለሰዎቹ ገና ነው፣ ትንሽ ይብሰል ብሎ መለሳቸውና ወደ ኮሪን ዞረ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ምን ይላል?»

«እርስዎ ያውቃሉ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እኔ አላውቅም፤» አለ ጀሮም፣ ጭልፋውን እያየ። «በበረዶው ጊዜ ታመምኩ አይደል? ከዚያ ወዲህ ምላሴ ሞቷል። ጨውና ስኳር አልለይም። የማየው አንቺን ነው።»

ኮሪን ነገሩ የገባት ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ አዘነችለት፤ ቀጥሎ ሰኔ ትዝ አላት፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«የጠሩኝ ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«እኔ እኮ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ነግሬያታለሁ። አባባ ጎላው ጋ ጠሩኝ ብዬ።»

ጀሮም አፈረ። በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ያውቃል፤ እንዲህ ያፈረበት ቀን ግን ትዝ አይለውም። ይቅርታ ሊል ፈልጎ ሌላ ነገር ወጣው።

«ዳሪልን መጥራት እችል ነበር። እሱ የቀረበለትን ሁሉ ይበላል። ሂዩበርት ስኳር ካልሆነ አይጥመውም። ምላስ ያላት አንቺ ነሽ፤ ይሄን ከታመምኩ በኋላ አይደለም ያወቅኩት። ቀድሜ መጥራት ነበረብኝ፤ አልጠራሁሽም።»

ጥላው ትሄዳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ኮሪን ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ባዶዎቹን ጀሪካኖች አንድ በአንድ እያነሳች ማሽተት ጀመረች። አንዱ ላይ ቆመች። ደግማ አሸተተች። ጎንበስ ብላ ከሣሩ ላይ የጀሪካኑን ቆብ አነሳችና አየችው። በጥቁር ቀለም መስቀል ተሥሎበታል።

የደብሩ ሰው ለፋሲካ ቄሱ አባ ዱገን የባረኩትን ጠበል ወደ ቤቱ የሚወስደው በባዶ የኮምጣጤ ጀሪካን ነው። ከዚያ የተመቸ ዕቃ የለምና። እንዳይደባለቅም ቆቡ ላይ መስቀል ያደርጋል። የጀሮም ጠበል ጋራዥ ውስጥ ከኮምጣጤዎቹ ጋር በአንድ መደርደሪያ ተቀምጦ ነበር፤ መልኩም ያው ነጭ ውሃ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መስቀሉን በማለዳው ድንግዝግዝ ባያየው እንኳ፣ ገና ሲከፍተው አሽትቶ ይለየዋል።

«አባባ፣» አለች ኮሪን፣ ቆቡን እያሳየችው፣ «በጎቹን ክርስትና ሊያነሷቸው ነው።»

ሳቁ አመለጣት። ጀሮምም መጀመሪያ ክው አለ፣ ከዚያ እሱም መሣቅ ጀመረ፤ ሁለቱም የጎላውን ጠርዝ ሊይዙ ሲሉ እየተቃጠሉ፣ እየተገፋፉ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ።

ሣቁ ሲበርድ ችግሩ እዚያው ነበር። ደፍተን እንደገና እንጀምር አለ ጀሮም። ጠበል መሬት ላይ ይደፋል ወይ አለች ኮሪን፤ ከማዶ የመጣች ብትሆንም ይህን ያህል ታውቃለች። አባ ዱገን ተጠሩ። አባ ጉዳዩን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰሙ፣ ጎላውን ዞረው አዩ፣ ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ነከሱ። በዚህ ደብር ካጠመቋቸው ሁሉ ሳያለቅስ የተቀበለ በግ ብቻ ነው አሉ። መድፋቱን ግን አልፈቀዱም፤ ምእመናኑ ይብሉት፣ ለአንዳንዶቹ እንዲያውም ሳይጠቅማቸው አይቀርም ብለው ወደ ቅዳሴያቸው ሄዱ።

ስለዚህ ማቃናት ብቻ ቀረ። ኮሪን ወደ ደብሩ ወጥ ቤት ሮጣ የጎመን ሰላጣ ከሚሠሩት ሴቶች ኮምጣጤ ለመነች፤ እነሱም እያጉረመረሙ የሚተርፋቸውን ሰጧት። ጀሮም እሳቱን ጨመረ፣ ውሃው እየተነነ እንዲሄድ። ከዚያ ኮሪን እየቀመሰች፣ ጀሮም እየጨመረ፣ ሁለቱ ተያያዙት። ስለ ቅቤና ስለ እሳት እሱ ይናገራል፤ ስለ ጣዕም እሷ። አንዴ ቁንዶ በርበሬ ልጨምር ሲላት፣ አይጨምሩ አለችው፤ እጁን ሰበሰበ። እንዲህ ሲታዘዝ የመጀመሪያው ነው፤ ደግሞ ደስ ይላል። ጎላው አጠገብ ከሰው ጋር መቆም እንዲህ እንደሚያስደስት አያውቅም ነበር።

ሂዩበርት የዘገየበትን ምክንያት ሊጠይቅ ሲመጣ መስቀል ያለበት ቆብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ነገሩን ሲሰማ መንሹን ተደግፎ ተንፈቀፈቀ። ከዚያ ግን ዓይኑ ወደ ጀሮም ሄደ፤ ጠበልና ኮምጣጤ የማይለይ ማጥቀሻ ሠሪ ምን ነካው እንደማለት ያለ አስተያየት ነበር። ጀሮም አፉን ሊከፍት ሲል ኮሪን ቀደመችው።

«እኔ ነኝ ያቀበልኳቸው፤» አለች። «ሳላየው።»

«እንግዲህ የወንዝ ማዶ ሰው ምን ይደረጋል!» አለ ሂዩበርት፣ በፍቅርም በንቀትም፣ ባልዲውን ሞልቶ ሄደ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ፍሙ ዘንድ ደረሰ። እስከ ቀትር ድረስ ኮሪን ባለፈች ቁጥር አንዱ ያማትባል፣ ሌላው መወልወያውን እያርከፈከፈ ይባርካታል። እሷ ትሥቃለች። ጀሮም እያየ ነበር፤ ከሣቋ በኋላ ፊቷ ምን እንደሚሆንም አየ። ያ ፊት ምንም ነገር መደበቅ እንደማይችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ምስጢሩ ተጠብቆለታል፣ ጎላው በእጁ ነው፤ የደስታ ቀን መሆን ነበረበት። እሱ ግን ጥላ አጥቶ ፀሐይ ላይ እንደቆመ ሰው ውስጡን ያቃጥለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ሰሀኑን ይዞ እስከ መኪና ማቆሚያው ተሰለፈ። ሥጋው ከመታደሉ በፊት የመጀመሪያው ቁራጭ በነጭ ዳቦ ላይ ተደርጎ፣ ማጥቀሻ ፈስሶበት፣ ለማጥቀሻ ሠሪው ይሰጣል። እሱ በሁሉ ፊት ቆሞ ይቀምስና ራሱን ይነቀንቃል፤ ያኔ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ሂዩበርት ሰሀኑን አመጣ። ጀሮም ተቀበለው። አንድ ጊዜ ጎርሶ አንድ ጊዜ መነቅነቅ ብቻ ነበር የቀረው፤ ለዚያ ደግሞ ምላስ አያስፈልግም።

«ኮሪን፣ ነይ ቅመሺ፤» አለ።

«ምን ሆነሃል? አንተ ነህ እንጂ የምትቀምሰው፤» አለው ሂዩበርት።

«እኔ አልቀምስም። ከታመምኩ ወዲህ ጣዕም የሚባል አላውቅም።» ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ። «ጠበሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላቀበለኝም። ይቺ ልጅ ጥፋቴን የወሰደችው እንዳልዋረድ ብላ ነው። ማጥቀሻውን ያዳነችውም እሷ ናት። ስታሾፉባት ዋላችሁ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

መወልወያ የያዘው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሂዩበርት ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ኮሪን ቀልታ መጣች። ሰሀኑን ተቀብላ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች። ጀሮም አሁን ፊቷን አላነበበም፤ ቃሏን ነበር የጠበቀው። የተራበው ሕዝብ ሁሉ፣ ጎመን ሰላጣ የሠሩት ሴቶችም ጭምር፣ አፏን አፏን ያያታል። ጥሩ ነው ብትል ሁሉም ይበላ ነበር፣ ማንም አይጠይቃትም ነበር። ዋጠች።

«ከጭልፋ ሲቀመስ ልክ ነበር፤» አለች። «ሥጋው ላይ ሲሆን ጮማው በልጦታል። ኮምጣጤ ይጨመርበት።»

ይህን ቃል በዚያ ቦታ፣ በዋተን ጎላ ላይ፣ ሰው አፍ አውጥቶ ተናግሮት አያውቅም። ሂዩበርት ወደ ጀሮም ዞረ። ጀሮም ከበረዶው ወራት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም ነበር፤ አባቱ ቢሆን ሊል የሚችለውን ነው ያለችው።

«ሰማሃት አይደል? ኮምጣጤ አምጣላት፤» አለው ሂዩበርትን።

ሂዩበርት ሄደ። ሰልፉ አንጎራጎረ፣ ግን ማንም ቦታውን አልለቀቀም። ጀሮምም ጭልፋውን ለኮሪን ሰጣትና፣ ጎላው ፊት ደልደል ብላ እንድትቆም ፈቀቅ አለላት።