የደሊል ጥፋት

የሚስቱ ታላቅ እህት በድሪያ ደሊልን «አንተ አራተኛ ክፍል!» ብላ የሰደበችው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በሰርጉ ማግስት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ደሊል እንዲህ ያለውን ቀን አይረሳም። ዛሬ ደግሞ አዳማ ክሊኒክ በር ላይ ሌላ ጨመረችለት።

«የቆቃ መስመር ሹፌር! ምን በሽታ ይዘህላት መጣህ?»

ሚስቱ ኑሰይባ ብልቷ አብጦ ያሳክካት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኗታል። በድሪያ ይህን ስትል ኑሰይባ ዓይኑን ሸሸችው። ከስድቡ ይልቅ ያንገበገበው ይሄ ነው፤ አመነቻት ማለት ነው?

ገብተው ተመረመሩ። ነርሷ «ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ» አለች። «በምንድን ነው የምትታጠቢው?»

«ሽንት ቤት ይዤ የምገባው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ፈሳሽ የሽቶ ሳሙና ጠብ አደርጋለሁ። እህቴ ናት የሰጠችኝ፣ ባልሽ ውጭ ውጭውን እንዳያይ ብላ።»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። «እሱ ነው ያቃጠለሽ። ለዚያ ቦታ ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል፣ እህቴ።»

«አፉ በለኝ፣ ደሊልዬ» አለች ኑሰይባ።

በድሪያ በሩ ላይ ወገቧን ይዛ ትጠብቃለች። «እህሳ ሹፌሩ፣ ምን ተባልክ?»

ስድስት ዓመት ያጠራቀመው መልስ ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ኑሰይባን ዞር ብሎ ሲያያት በሻርፗ አፏን ሸፍና ሳቅ ይተናነቃታል። እጇን ያዘና በድሪያን አልፎ ወደ ባጃጆቹ ሄደ።