የስድስት ደቂቃ እርምጃ

አባቴ አርባ ዓመት ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ፖስተኛ ነው። ጡረታ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነውም ዛሬም መንገድ ላይ ሰው ሲቀድመው አይወድም። ድሮ ይህ ጠባዩ ያስቀኝ ነበር።

አሁን ከቤታችን እስከ ዳቦ ቤቱ ሦስት ጊዜ ይቆማል። መቆሙን ለመደበቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነብባል። አንዱን የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ወር ሙሉ ስላነበበው፣ ቤት ልትለቁ ነው እንዴ ብላ የጠየቀችኝ ጎረቤት አለች።

የልብ ሐኪሙ ባለፈው ቀጠሮ ነገሩን ለብቻዬ አስረድቶኛል። የልቡ ቫልቭ፣ ደሙ የሚያልፍበት በር፣ ጠቧል። ሲራመድ የሚያዞረው ወይም ደረቱን የሚይዘው ከሆነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ እንዲህ እየሆኑ ሳይታከሙ ከሚቀሩት ብዙዎቹ ሁለት ዓመት አይሻገሩም። ምንም የማይሰማው ከሆነ ግን በዚህ ዕድሜው ለመቅደድ አይቸኩሉም። ይህን ለመለየት ነው የእርምጃ ምርመራ የታዘዘለት፤ ስድስት ደቂቃ ኮሪደር ላይ መመላለስ።

"አባዬ፣ ዛሬ ጀግና ልሁን እንዳትል" አልኩት ታክሲ ውስጥ። "ሲያምህ ቁም፤ ሲያዞርህ ተናገር።"

"እሺ አልኩ እኮ። ስንቴ ልበል?"

እውነትም እሺ ብሎ ነበር። ነገሩን ያበላሸችው ነርሷ ናት፤ እሷም በደግነቷ። ሰዓቷን ይዛ፣ ኮሪደሩ ዳር ወንበር አስቀምጣ፣ "አባባ፣ ካቃተዎት ይቀመጡ፤ አይፈሩ" አለችው።

አባቴ ወንበሩን አየው። ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና መንገዱን ጀመረ። ሁለት ተለማማጅ ሐኪሞችን ቀድሞ አለፈ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ደረትዎን አመመዎት?" አለችው ነርሷ።

"ምን ሲደረግ!"

አምስተኛው ደቂቃ ላይ ግድግዳውን በጣቶቹ ሲደገፍ አየሁት። ነርሷ ያን ጊዜ ሰዓቷን እያየች ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ "ከእኩዮችዎ ሁሉ ይበልጣሉ" አለው።

"ዶክተር፣ ሰፈር ውስጥ እንዲህ አይራመድም" አልኩ። "ዳቦ ቤት እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ይቆማል።"

"እውነት ነው አባባ?"

"ማስታወቂያ ላነብ ነው የምቆመው። ልጄ ፈሪ ናት፤ በእናቷ ነው የወጣችው።"

ሁለቱ ሳቁ። እኔ ግድግዳ መደገፉንም ነግሬ መለመን ጀመርኩ፤ የድምፄ መንቀጥቀጥ ግን አባቴ ፈሪ ናት ያለውን ያጸናለት መሰለኝ። ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም። "እሳቸው አላመመኝም እያሉ ምን ብዬ ልጻፍ?" አለኝና የስድስት ወር ቀጠሮ ሰጠን። በማን እንደምናደድ እንኳ አላውቅም ነበር።

ከሕንጻው እንደወጣን አባቴ ግቢው ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ የአንገቱ ሥር ሲዘል ይታየኛል። ፊት ለፊታችን የሐኪሙ መስኮት ክፍት ነው። ልጠራው ስነሳ ክንዴን ያዘኝ፤ አጥብቆ ለመያዝ ግን አቅም አልነበረውም።

"ተይ" አለኝ። "እንዲህ ሆኜ አይየኝ።"

"ትሞትብኛለህ እኮ፣ አባዬ።"

"አውቃለሁ። እስቲ ጠጋ በይልኝ።"

አንዴ ብጣራ ሐኪሙ ይሰማኝ ነበር። አባቴ ግን በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም። በእሱና በመስኮቱ መሀል ቆሜ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ከለልኩት።