የራህማ ያልተለጠፉ ቪዲዮዎች

ራህማ በሞተች በአስራ ሁለተኛው ቀን እህቷ ሸሪፋ የሟቿን ስልክ ከፈተች። እናታቸው ወይዘሮ ዘምዘም «አንድ ደህና ፎቶዋን ፈልገሽ አሳጥቢልኝ» ስላሏት ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ቤት ተጋርተው ነው ያደጉት።

ቲክቶክ ላይ ስልሳ ሺህ ሰው ራህማን ይከተላት ነበር። የሚወዷት ስለማታስመስል ነው። ፊቷን ሳትቀባ፣ የቤት ሻርፗን ጣል አድርጋ፣ «ዛሬም ሳልዘጋጅ መጣሁ» ትልና ስለ ታክሲ ሰልፉ፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ እናቷ ቁጣ እያወራች ትስቃለች። «ሌላው ሁሉ ፌክ ነው፣ አንቺ ብቻ ሪል ነሽ» ይሏታል። የልብ ሕመምተኛ መሆኗን ግን ለአንዳቸውም ነግራ አታውቅም።

ስልኩ ውስጥ ያልተለጠፉ ቪዲዮዎች ተከማችተዋል። ሸሪፋ አንዱን ከፈተች። «ዛሬም ሳልዘጋጅ መጣሁ።» ቀጣዩን ከፈተች። ያው ነው። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ራህማ ሃያ ሦስት ጊዜ ቀርፃዋለች። አንዱ ላይ ሳቋ ቀድሟት ተበላሽቷል፤ አንዱ ላይ ትንፋሽ አጥሯት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታቋርጠዋለች።

መልእክቱ ደግሞ ይጎርፋል። «የት ጠፋሽ?» «ደህና ነሽ ወይ?» ሸሪፋ «ራህማ ሞታለች» ብላ ልትጽፍ አስባ ነበር፤ ጣቷ እምቢ አላት። ካልተለጠፉት ያለቀለትን አንዱን መርጣ ለጠፈች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ተመስገን፣ ደህና ነሽ!» «ዛሬማ አምሮብሻል» ይሉ ጀመር። እያነበበች አለቀሰች፤ ደስም አላት። በማግስቱ ሌላ ለጠፈች። ከዚያም በየቀኑ። ስልሳ ሺህ ሰው ዘንድ ራህማ አልሞተችም፤ ሸሪፋም ለጥቂት ደቂቃ ከእነሱ እንደ አንዷ ሆና ትቀመጣለች።

በሳምንቱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የምትለጥፈውን ስትመርጥ ድምፁን መቀነስ ረሳች። ቪዲዮው ውስጥ ራህማ ወደ በሩ ዞራ «እማ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት!» አሉ እናቷ ከማድ ቤት።

ወይዘሮ ዘምዘም እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ስልኩን አዩት።

«የተጠራሁ መስሎኝ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ተመልሰውም ሄዱ።

ሸሪፋ ወዲያው ጻፈች። «እህቴ ራህማ ሱሌማን ከአስራ ዘጠኝ ቀን በፊት ወደ አኼራ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ስለጥፍ የነበርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ማን ይመናት! «ትናንት ስትስቅ አላየናትም እንዴ?» «ለቪው ብለሽ በሞት አትቀልጂ።» «ራህማ እንዲህ አትጽፍም፤ ገጿን የሰረቅሽ ሌባ ነሽ።» «ማስረጃ አምጪ!»

ማስረጃ ፍለጋ ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ ስታይ፣ ከሌሎቹ የረዘመ አንድ አገኘች። ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት የተቀረፀ ነው። ራህማ አውርታ፣ ስቃ ጨረሰች። ስልኩን የዘጋችው መስሏታል። ሳቁ ከፊቷ ወረደ። አልጋው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ በአፏ አየር እየሳበች ተቀመጠች። አራት ደቂቃ ሙሉ። ከዚያ ከበሩ ውጭ ድምፅ ተሰማ። የሸሪፋ የራሷ ድምፅ ነው።

«ራህማ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ራህማ ቀና አለች። ፈገግ አለች። ሰው ሁሉ በሚያውቀው ድምጿ «ምንም! እየቀረፅኩ ነው!» አለች።

«እሺ» አለች ሸሪፋ። እርምጃዋ ራቀ።

ይህንን ብትለጥፈው አፋቸውን ያዘጋላት ነበር። ስልኩን ይዛ ማድ ቤት ገባች። «እማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለች። ወይዘሮ ዘምዘም ቆመው እስከ መጨረሻው አዩት።

«የምትጠሪያት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አልገባሽም?»

«እየቀረፅኩ ነው አለችኝ፣ እማ። አመንኳት።»

«እኔም ሳሎን ነበርኩ» አሉ እናትየው። «ሰምቻታለሁ። ድምጿ ደህና ነበር።» ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ይህችኛዋን ለሰው አታሳዪ። ይህችኛዋ የእኛ ናት።»

ሸሪፋ ገጹን ዘጋችው። ያላመኑትም እንዳላመኑ ቀሩ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ጠዋት፣ ከሰሚት ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቧ ከተቀመጠች ተማሪ ስልክ የራህማ ሳቅ ተሰማ። ሰው ገልብጦ ያስቀረው ቪዲዮ ነው። ሸሪፋ እንዳፈጠጠች ልጅቷ አየች።

«ታውቂያታለሽ?»

«እህቴ ናት።»

ልጅቷ ሳቀች። «የሁላችንም እህት ናት እኮ! አሁን ግን ጠፍታለች። ውጭ ሄዳ ነው አሉ። ሞታለች የሚሉም አሉ፤ ውሸታቸውን ነው።»

ሸሪፋ ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ጉርድ ሾላ ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

የምትወርደው እዚያ ነበር። «ወራጅ አለ» አላለችም። ታክሲው አለፈ። ልጅቷ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመረችው፤ ሸሪፋም ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።