ከሥር የሚቀመጠው ካርድ

ካርዶቹ ሲበወዙ ሰሙ። ሽማግሌው መምህር ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ብዙውን ነገር የሚነግራቸው ጆሯቸው ነው፤ ሃምሳዎቹ ካርዶች በልጃቸው እጅ ውስጥ ቦታ ሲለዋወጡ ደነገጡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የካርዶቹን ሳጥን ከእሳቸው በቀር የነካው ሰው አልነበረም። «አትበውዣቸው» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ማይክሮፎኑም ተከፍቷል።

ውድድሩ የተጀመረው ትምህርት ቤቱ በነበረው አንድ አትላስ ነው። ማን እንደሰጠው የሚያውቅ የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ግን የአሜሪካን ግዛቶች እንጂ ሌላ አገር አያሳይም። ሌላ መምህር ቢሆን መደርደሪያ ላይ ወርውሮ ይረሳው ነበር። እሳቸው ያገኙትን የሚንቁ ሰው አልነበሩምና በካርቶን ላይ ሃምሳ ጥያቄ ጻፉ፣ በጀርባው መልሱን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች ይወዳደሩበታል። ከሰፈራቸው ርቀው የማያውቁ ልጆች ቴነሲን የሚያዋስኑትን ስምንት ግዛቶች እንደ ጎረቤቶቻቸው ስም ይደረድሯቸዋል። ያሸነፈው ሙሉ ወጪው ተችሎ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ክርክር በተነሳ ቁጥር መምህሩ አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው፦ «ካርዱ ያለው ነው።» ተማሪዎቹም ጋሽ ካርዱ አሏቸው፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለፍጻሜ ከደረሱት አንዷ የገዛ ልጃቸው ነበረች፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ ከሃምሳዎቹ ግዛቶች በምሥራቅ ጫፍ የሚገኘው የትኛው ነው የሚል ነበር። «አላስካ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አላስካን ሁሉም የሚያውቃት በአትላሱ ግርጌ፣ በስተግራ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ነው። ካርዱም ሜይን ይላል፤ በአትላሱ የቀኝ ጫፍ ያለችውን ግዛት። ልጅቷም «ርእሰ መምህሩ ቢሮ ያለውን ሉል እዩት» አለች። አባቷ አላዩም። አይተው ልክ ሆና ብትገኝስ? ለልጁ ሲል ካርዱን ሻረ ይባላል። «ካርዱ ያለው ነው» አሉና ዕድሉ ለሌላ ልጅ ሄደ።

በሳምንቱ፣ ግቢው ጭር ሲል፣ ቢሮው ገብተው ሉሉን አዞሩት። የአላስካ ደሴቶች ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ተከታትለው ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ከዚያም ምዕራብና ምሥራቅን የሚለየውን መስመር ይሻገራሉ። ከመስመሩ ማዶ ምሥራቅ ነው። ጣታቸው እዚያ ላይ ብዙ ቆየ። ሆድ ይፍጀው ብለው ወጡ። ካርዱን እንዳይቀድዱት ሃምሳው ይጎድላል፤ የት ሄደ ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ ከሁሉ ሥር ያስቀምጡታል፤ እዚያ ሳይደረስም ውድድሩ ያልቃል።

ልጃቸው አሁን አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ናት። ቀኑን ሙሉ በመስኮቷ የሰውን መድረሻ ስትጠራ ትውላለች። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች። ስለ ካርታ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ዘንድሮ ኮሚቴው ካርዱን የሚያነብልዎትን ሰው ይዘው ይምጡ ሲላቸው እሷን ለመኑ። ለምን እሷን እንደሆነ ራሳቸውን አልጠየቁም። «እሺ አባባ» ብቻ ነበር መልሷ።

ውድድሩ እኩል ለእኩል ሆኖ ለየቡድኑ አንድ አንድ ጥያቄ ቀረ። ልጃቸው ካርድ አነሳች። አላነበበችም። ዝምታው ሲረዝም የትኛው ካርድ እንደወጣ መምህሩ ገባቸው።

አነበበችው። ድምጿ ከትኬት መስኮቷ የሚወጣው ድምፅ ነበር፣ ስሜት የሌለው። ከግራው ቡድን አንዲት ቀጭን ድምፅ ያላት ተማሪ ብድግ ብላ «አላስካ» አለች። ሳቅ ተሰማ። ካርቶኑ ሲገለበጥም ተሰማ።

«ካርዱ ሜይን ይላል» አለች ልጃቸው። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

ከኋላ አንዱ ቀልደኛ «ካርዱ ያለው ነው!» ብሎ ቀደማቸው። መምህሩ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ።

«ካርዱ ተሳስቷል። ልጅቷ ልክ ናት።»

የቀኙ ቡድን አሠልጣኝ ቱግ አለ። «ጋሼ፣ ካርዱ ዛሬ ነው እንዴ መሳሳት የጀመረው?»

«ዛሬ አይደለም» አሉ። «የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ልጅ እዚሁ ቆማ ይህንኑ መልሳ ነበር። ልክ ነበረች። ዕድሏን የነጠቅኳት እኔ ነኝ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ከነጭ ጉም ውስጥ ቅርጿን እንጂ ፊቷን ማየት አልቻሉም። ማይክሮፎኑን በእጇ ስትሸፍነው ድም የሚል ድምፅ ሰሙ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለቻቸው በሹክሹክታ።

ትናንት ቢሉ ማንም አያጋልጣቸውም። ሉሉ እንኳ ከተሰበረ ቆይቷል።

«በሳምንቱ።»

ካርዱን ወደ ሳጥኑ አልመለሰችውም፤ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ እጃቸው ሥር አኖረችው። ለግራው ቡድን ነጥብ ተመዘገበ። ከዚያ እጇን ከማይክሮፎኑ ላይ አንስታ «ቀጣይ ጥያቄ» አለች።

ካርድ ስታነሳ ተሰማ። የቀኙ ቡድን ልጆች ወንበራቸውን ሳቡ፤ ሰዓት ያዡ እጁን ደወሉ ላይ አደረገ። ንባቡ ግን አልመጣም። ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው የልጃቸው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ፤ እንደ ተወዳዳሪ ተማሪ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፍርዷን ጠበቁ።