እትዬ ሜትር የተለካች ለት

እትዬ ሜትር የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ስሟማ ሌላ ነው፤ ግን አርባ ዓመት ሙሉ መለኪያ ሜትሯን ካንገቷ ሳታወርድ ስለኖረች፣ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት እሷና መታወቂያዋ ብቻ ነበሩ። መንገድ ዳር ካለ ፎቅ ላይ፣ ሃያ ሁለት ደረጃ ተወጥቶ፣ ሁለት ክፍል ቤት አላት። ባንዱ አልጋዋ፣ ባንዱ ስፌት መኪናዋና መስኮቷ። መስኮቷ ስላችሁ እንደማንም መስኮት እንዳይመስላችሁ! ማን ከማን ጋር እንደሄደ፣ ማን አዲስ ጫማ እንደገዛ፣ የትኞቹ ባልና ሚስት ተኮራርፈው አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ እንደሚሄዱ ከዚያ ላይ ሆኖ ይታያል። ሰው ሬዲዮ ይከፍታል፣ እሷ መስኮት ትከፍታለች።

ታዲያ ባለፈው ወር ደረጃው ላይ ተንሸራተተችና ቀኝ ዳሌዋን ተመታች። አጥንቷስ አልተሰበረም፤ ግን ቀኝ እግሯ ከዚያ ወዲህ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ሆነ፣ ሲጠሩት ቆይቶ ነው የሚመጣው።

አንዲት ልጅ አለቻት። ደግ ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም። ብቻ አንዴ ከወሰነች ወሰነች ነው፤ ይሄን ከማን እንደወረሰችው እኔ አልናገርም። ሰኞ ጠዋት መጣችና ገና ሳትቀመጥ፣

"እማዬ፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት የጭነት መኪና ይመጣል። እኔ ጋ ትገቢያለሽ" አለች።

"ማን ጠየቀሽ?"

"ዳሌሽ ጠየቀኝ።"

"የት ልታስገቢኝ ነው?"

"የጓሮዋን ክፍል አጽድቼልሻለሁ። ደረጃ የለው፣ ምን የለው።"

እትዬ ሜትር ያቺን ክፍል ታውቃታለች። መስኮቷ ግድግዳ ነው የሚያየው። ግድግዳ! ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታይ የኖረች ሴት ግድግዳ እያየች ልትሞት?

"ስሚኝ" አለች። "ቅዳሜ መኪናው እንደመጣ፣ ማንም ሳይደግፈኝ፣ ግድግዳም ሳልነካ፣ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወርጄ እወጣልሻለሁ። ከወጣሁ መኪናሽ ባዶውን ይመለሳል። ካልወጣሁ እኔንም ስፌት መኪናዬንም ጭነሽ ውሰጅን፣ አፌን አልከፍትም።"

ልጅቷ ሳቀች። እናቷ አፏን ሳትከፍት የዋለችበትን ቀን አታውቅማ። "እሺ፤ ግን በባዶ እጅሽ አይሆንም። ምርኩዝ ያዢ።"

"እይዛለሁ እንጂ! ምርኩዝ እንደሆነ ሰው አይደለም፣ ወሬ አያወጣ።"

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ደረጃው እኩሌታ ላይ ካለችው ማረፊያ ጋ የምትኖረውን ፀጉር ሠሪ ክንድ ይዛ ወረደች። ምርኩዝ የሚሠራው አናጢ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። አናጢው እኩያዋ ነው፣ ቃል እንደ ምስማር ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው። በርና ወንበር ነው ሥራው፤ ጥግ ላይ ግን ምርኩዞች ደርድሯል። ዓይኗ ወዲያው አንዱ ላይ አረፈ። ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ አናቱ ድቡልቡል።

"ይሄን!"

"ያዢና ቤቱን ሦስቴ ዙሪበት" አለ አናጢው።

አንዴ ዞረች፤ ንግሥት መሰለች። ሁለቴ ዞረች፤ መዳፏን ጎረበጣት። ሦስተኛው ላይ ድቡልቡሉ ከላቧ ጋር እንደ ሳሙና እጇ ውስጥ ተሽከረከረ።

"መልኩን አይተሽ ነዋ" አለ።

"ሰው ሲያገባስ መልክ አይቶ አይደል?"

"እሱስ መች በጀ?"

ቆልማማ ከዘራ ሰጣት። ክንድ ላይ ለማንጠልጠል ይመቻል እንጂ ክብደቷን ስትጥልበት ጣቶቿን አጨናነቀባት። በመጨረሻ ከኋላ አንድ መልከ ጥፉ አወጣ። አናቱ ላይ ጠፍጣፋ እጀታ ተጋድሞበታል፣ መዳፍ ሙሉውን ያርፍበታል። ከታች ደግሞ ወፍራም ጎማ ተጫምቷል። ተደገፈችው። ንቅንቅ የለም! ገፋ አድርጋ ተደገፈችው። አሁንም ንቅንቅ የለም።

"መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ነበር የሚባለው" አለች። "ይሄ ግን እኔን ይደግፈኝ። እንዲህ ያለ ሥራልኝ።"

"በይ ጫማሽን እንዳደረግሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ክንዶችሽን ልቀቂያቸው። ከእጅ አንጓሽ እስከ መሬት ልለካሽ።"

እዚህ ላይ ነው ነገር የመጣው። እትዬ ሜትር የመንደሩን ሰው ሁሉ ለክታለች፤ የማን ወገብ እንደሰፋ፣ የማን አንዱ እግር እንዳጠረ፣ ማን በቀበቶ ሆዱን እንደሚደብቅ ታውቃለች። ሐሜት አይሁንብኝና፣ ያወቀችውን ሁሉ ሜትሯ ላይ አልተወችውም። እሷን ግን ለክቶ የሚያውቅ የለም። ምክንያቱም የግራ ትከሻዋ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል፤ ስፌት መኪና ላይ ከማጎንበስ የመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀሚሷ የግራ ትከሻ ሥር ጥጥ እየሰፋች ደብቃዋለች። ለሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል፤ ልብስ ሰፊ ራሷ ስትዘም ግን ማን ልብሱን አምኖ ይሰጣታል?

"እኔን ልትለካ? እኔን?" አለች። "ቤቴ ገብቼ ለክቼ እልክልሃለሁ።"

አናጢው ትከሻውን ሰበቀ።

ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ መቀነት የመሰለ ጥብጣብ አወጣችና ራሷን ለካች። ራስን መለካት እንዴት ያለ ጣጣ ነው! ጎንበስ ሲሉ እጅ ይወርዳል፣ ቀና ሲሉ ጥብጣቡ ያመልጣል። እንደምንም በቀኝ ክንዷ ለካችና ልትቆርጥ መቀስ አነሳች። የስፌት ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ትርፍ ተዪ! የሰፋ ይጠባል፣ የጠበበ ግን አልቅሰሽም አይሰፋ። አራት ጣት ትርፍ ተወችና ቆረጠች። ለአናጢው በፀጉር ሠሪዋ እጅ ላከችው።

አናጢውስ ማን ሆኖ? የእሱም ሕግ ያው ነው። የረዘመ ይቆረጣል፣ ያጠረ እንጨት ግን ጎትተህ አታስረዝመው። ጥብጣቡ ልክ መስሎት እሱም በበኩሉ አራት ጣት ትርፍ ተወ። ሁለት ጠንቃቆች ተገናኝተው ስምንት ጣት አበላሹ።

ረቡዕ ምርኩዙ መጣ። እትዬ ሜትር በቀኝ እጇ ያዘችው። ሐኪሙ በደህናው በኩል ያዢ ብሏት ነበር፤ እሷ ግን "የሚያመኝ ወዲህ፣ ምርኩዙ ወዲያ ማዶ ምን ሊሠራ?" ብላ ትታዋለች። ቆማ ስትደገፈው ትከሻዋ ከጆሮዋ ጋር ሊሳሳም ደረሰ። "እለምደዋለሁ" አለች። እየተጨነቀች እስከ ማረፊያዋ ወረደች። መውጣቱ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ምርኩዙን ቀጣዩ ደረጃ ላይ ስትተክለው እጀታው ደረቷ ጋ ደረሰ። ደረቱ ጋ ያለ ነገር ላይ ማን ይደገፋል? ምርኩዙ ገፋት፣ እሷም ዱብ ብላ በመቀመጫዋ ተቀመጠች።

ፀጉር ሠሪዋ በሯን ከፈተች። "እትዬ! ምን ሆነሽ ነው?"

"አየር ልቀበል ብዬ።"

"ደረጃ ላይ?"

"ነፋሱ ያለው እዚህ ነው።"

ፀጉር ሠሪዋ ምርኩዙን አንስታ አየችው። "ይሄ ምርኩዝ ነው የመጋረጃ ዘንግ? አስቆርጪው እንጂ! አይዞሽ፣ ለልጅሽ አልናገርም።"

"አንቺ? አንቺ ያልተናገርሽው ያልሰማሽውን ብቻ ነው።"

ያን ቀን መስኮቷን አልከፈተችም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ስንት ጣት ይቆረጥ? ብዙ ብታስቆርጥ ያጥራል፣ ቅዳሜ ደግሞ ደርሷል። በግምት የሚቆረጥ ጨርቅ የት እንደሚገባ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ካያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለሞኝ ነው ብላ ኖራ፣ ይኸው አሁን ራሷ ልትቀደድ ሆነ። ትከሻዬ ይታወቅ ወይስ ግድግዳ እያየሁ ልኑር? ሁለቱን ስታመዛዝን አደረች።

ሐሙስ ጠዋት ምርኩዙን አስይዛ፣ የፀጉር ሠሪዋን ክንድ ይዛ አናጢው ቤት ደረሰች። ፀጉር ሠሪዋን ደጅ አቁማ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ከቀሚሷ የግራ ትከሻ ሥር ጥጡን መዝዛ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ለካኝ" አለች። "ለሰው ብታወራ ግን..."

አናጢው ጥጡንም እሷንም አየ። "ትከሻሽን ነው?"

"ታውቃለህ እንዴ?"

"አናጢ የዘመመ ነገር ሳያይ ያልፋል? ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል ካወቅሁ።"

"ለማን ተናገርክ?"

"ለማን እናገራለሁ?"

እትዬ ሜትር ጥጡን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋችው። "ያንተ ቦርጭ ስንት ሴንቲ እንደሆነ ለመንደሩ የተናገርኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ይቅር በለኝ።"

"ቁሚ ቀጥ ብለሽ" አለ።

በጫማዋ ቆመች። ክንዶቿን ለቀቀች። አናጢው ወደ ግራዋ ሲዞር፣ "በቀኝ ነው የምይዘው!" አለችው።

"ለዚህ ነዋ ረቡዕ የወደቅሽው፤ ፀጉር ሠሪዋ ነግራኛለች። ቀኝሽ ሲራመድ ክብደቱን ማን ይሸከምለት? በግራ ያዢው፤ ቀኝ እግርሽና ምርኩዙ አብረው ይሂዱ፣ እንደ ባልና ሚስት።"

"አብረው የሚሄዱ ባልና ሚስት የት አይተህ ነው?"

ለካ። የግራው አንጓ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከእንጨቱ የሚቆረጠው ከስምንት ጣትም በላይ ነበር። ምልክት አደረገ፣ ደግሞ ለካ፣ ቆረጠ፣ ጎማውን አጫማና ሰጣት። ያዘችው። ክርኗ ትንሽ ታጠፈ፣ ትከሻዋ ቦታው ቀረ። ተራመደች። ዞረች። ተመለሰች። አናጢው "መቼም" ብሎ ጀመረና ቃሉን ቆጥቦ ተወው።

ዓርብ ዋለችበት። ስትወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ምርኩዙና የታመመው ይከተላሉ። ስትወርድ ምርኩዙና የታመመው ይቀድማሉ፣ ደህናው ይከተላል። "ጤነኛ ወደ ላይ፣ በሽተኛ ወደ ታች" እያለች ጮክ ብላ ስትወጣ ስትወርድ ዋለች። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኞቿ ይሄን ሰምተው ምን ይበሉ ብላ በሯን ዘጋች።

ቅዳሜ አራት ሰዓት መኪናው መጣ። ሾፌሩ ተደግፎ ቆመ፣ ልጅቷ ወጣች።

"እማዬ፣ ካልፈለግሽ እንዲሁ..."

"ከኋላዬ ሁኚ። እጅሽን ሰብስቢ።"

መውረዱን ወረደችው። መንገዱን ረግጣ፣ ሾፌሩን "እንደምን አደርክ?" ብላ፣ ዞረች። መውጣት ጀመረች። ደህናው፣ ከዚያ ምርኩዙና የታመመው። ደህናው፣ ከዚያ ምርኩዙና የታመመው። ማረፊያዋ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ደከመሽ!" አለች ልጅቷ እጇን ዘርግታ። "በቃ እማዬ፣ ምንም አይደል..."

"ሽሽ! ዝም በይ!"

ከፀጉር ሠሪዋ በር ውስጥ ወሬ ይሰማል። "አትጨርሰውም፤ ሴትዮዋ አርጅታለች" ትላለች አንዷ ደንበኛ። "እሷ?" ትላለች ፀጉር ሠሪዋ፤ "እሷ ሞታም ትወጣዋለች።"

እትዬ ሜትር በሩን በምርኩዟ መታችው። "እየሰማሁ ነው!"

ውስጥ የፀጉር ማድረቂያው ወዲያው ተከፍቶ ጮኸ።

አሥራ ስምንተኛው ላይ ግን ቀኝ እግሯ እውነትም ተንቀጠቀጠ። ግድግዳው ከክርኗ አራት ጣት አይርቅም። እጇን ብትልክ ያቆማታል፣ ማንም አይቀጣትም። ከኋላዋ የልጇ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ልጅቷ እጆቿን ወገቧ ላይ አጣምራ ከንፈሯን ነክሳለች። እትዬ ሜትር ክብደቷን ሁሉ ምርኩዙ ላይ ጣለች። ጎማው ሲሚንቶውን ነክሶ ያዘ። ንቅንቅ የለም። እግሯ እስኪረጋ ጠበቀችው፣ ሲረጋ ሰደበችው፣ ከዚያ ወሰደችው። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ አንድ።

ላይ ስትደርስ አልተቀመጠችም። የተቀመጠችው ልጅቷ ናት፣ መጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ። ከዚያ ወደ ታች ተጣራች። "ሾፌር! የሚጫን የለም፣ ሂድ!"

መኪናው ሲንቀሳቀስ ተሰማ።

"እሺ፣ የጓሮዋን ክፍል ምን ላድርጋት?" አለች ልጅቷ።

"አከራዪያት" አለች እትዬ ሜትር። "ማን እንደገባባት ብቻ መጥተሽ ንገሪኝ። ካልነገርሽኝ በእግሬ መጥቼ አያታለሁ።"