ያልተፈረመ ክስ

«መርዝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ዳኛው ፊት ከመቆም ብለው ራሳቸው ናቸው የጠጡት!»

ዶኛ ብራውሊያ ይህን ስትል አራተኛ ጊዜዋ ነው፤ ባለች ቁጥር ግን ገና አሁን የሰማች ይመስል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። የኩማና ከተማ ወይዛዝርት ጥቁር በለበሰው መደብ ላይ ተደርድረው ትኩስ ቸኮላታቸውን ፉት ይላሉ። ዘጠኝ ቀን ከሚጸለይለት ሐዘን ስድስተኛው ቀን ነው።

የሟቹ ገዥ ልጅ ሌዮናርዳ የቸኮላቱን ማሰሮ ይዛ ከኋላዋ ቆመች።

«ዶኛ ብራውሊያ፣ ለእርስዎም የቀዳሁልዎ አባቴ ከጠጡበት ማሰሮ ነው። ይጨመርልዎ?»

አንዷ ሳቋን በመሐረብ አፈነች። ብራውሊያ ጽዋዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«ውይ ልጄ፣ እኔ እኮ ሰው ያለውን ነው የምለው!»

ሌዮናርዳ አልተቆጣችም። እንዲያውም ወሬው እውነት ቢሆን ምንኛ በወደደች! አባቷን የገደለ መርዝ ካለ በገዛ እጇ የጻፈችው ወረቀት መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናትና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቷ ዶን ባልታሳር ኡርኪዮላ አምስት ዓመት ሙሉ አገሩን ገዙ። ተተኪው ሲመጣ፣ እንደ ሕጉ፣ በትረ ሹመታቸውን አስረክበው የአገዛዛቸው ምርመራ እስኪያልቅ ከከተማው እንዳይወጡ ታዘዙ። አዋጅ ነጋሪው በየአደባባዩ ከበሮውን እየመታ «በገዥው የተበደልክ ሁሉ ሳትፈራ ናና ተናገር!» ሲል ትናንት እጃቸውን ሲስም የነበረው ሁሉ ዳኛው ደጅ ላይ ተሰለፈ።

ያኔ ነው ዓሣ ሻጯ ቶማሳ በማዕድ ቤቱ በር የመጣችው።

«እመቤቴ፣ እኔ ፊደል የለኝም። ባሌ አራያ ላይ በውሃ ጥም እንደሞተ ለዳኛው የሚጽፍልኝ ሰው ፈልጌ ነበር» አለች። ወዲያውም ዓይኗን ሰበረች። «ጠላቴ አይደሉም አባትዎ። ግን ማንም አልጠየቀኝም እኮ፣ እንዴት እንደሞተ።»

ሌዮናርዳ እንዴት እንደሞተ ታውቅ ነበር። የአባቷ ዓይን ከፈዘዘ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ደብዳቤያቸውን ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት። አርባ ሰው በበጋው ወደ አራያ ጨው ማውጫ ይሂድ የሚለውንም ትእዛዝ የጻፈችው እሷው ናት። «የመጠጥ ውሃ የሚያመላልሰው ጀልባስ?» ብላ ጠይቃለች። «ጻፊ! ስለ ጀልባ ማን አማከረሽ?» አሉ። አሥራ አንዱ አልተመለሱም።

እኒሁ ሰውዬ ናቸው ምድር በተንቀጠቀጠ ዓመት መርከብ ላይ ተሳፍረው ይዳኑ ቢባሉ እምቢ ብለው አደባባይ ላይ ከሕዝቡ ጋር መሬት የተኙት። ሌዮናርዳ ሁለቱን ባልታሳሮች አንድ ላይ አስቀምጣ ለማየት ሞክራ አልሆነላትም።

ለቶማሳ ጻፈችላት። አልፈረመችበትም። ለተከሳሹ የሚደርሰው የዳኛው ጸሐፊ ግልባጭ ስለሆነ የእጅ ጽሑፏን አይቶ የሚነግራቸው የለም ብላ ተማመነች። ፊታቸውን ግን ማየት አቃታት። ራሴን አመመኝ እያለች ሦስት ሳምንት ክፍሏ ውስጥ በላች። እሳቸውም አላስጠሯትም። ከዚያ ትኩሳት ያዛቸው፣ በአራተኛው ቀን ሞቱ። ወደ ክፍላቸው ስትገባ አፋቸው ተይዞ ነበር።

አውቀው ይሆን? ያ ወረቀት ይሆን የሰበራቸው? ዘጠኙን ቀን ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ተኛች፣ ከዚህ ጥያቄ ጋር ተነሣች።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከበሮው ተመታ፤ ምርመራው ተዘጋ ተባለ። ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ጸሎት አልቆ ሴቶቹ ሲበተኑ፣ የዳኛው ጸሐፊ ዶን ሲፕሪያኖ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ።

«ልጄ፣ ትንሽ ጊዜ አለሽ?»

«የቀረኝ ጊዜ ብቻ ነው።»

«ምስጢር ለመጠበቅ በመስቀል ምዬ ነበር። መዝገቡ ዛሬ ስለተዘጋ መሐላዬም አበቃ።» ላቡን ጠረገ። «የአራያውን ክስ ለአባትሽ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ አስቆሙኝና ‹ይህ የሌዮናርዳ ነው› አሉ።»

«የእጅ ጽሑፌን የት አይተው?»

«ምን ዓይን አላቸውና ያያሉ? ሰሙ እንጂ! ሰባት ዓመት ስትጽፊላቸው አነጋገርሽ የሚጠፋቸው መስሎሽ ነው?»

«ምን አሉ?»

«ሌላውን ክስ ሁሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ተከራክረዋል። በዚህ ላይ ግን ‹እውነት ነው ብለህ ጻፍ› አሉኝ። ከዚያ ‹ድገምልኝ› አሉ። ደገምኩላቸው።»

«መቼ?»

«ክሱ በገባ በማግስቱ።»

ሦስት ሳምንት! በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ።

«ታዲያ ለምን አላስጠሩኝም?»

«እኔም ‹ለምን አያነጋግሯትም?› ብዬ ጠይቄያቸው ነበር» አለ ጸሐፊው። «‹ተከሳሽ ምስክር አባበለ ይባላል፤ የዚያች መበለት ክስ ይፈርሳል። መዝገቡ ይዘጋ፤ የዚያኑ ዕለት አነጋግራታለሁ› አሉኝ።»

ሌዮናርዳ በአዳራሹ አልፋ አባቷ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አልጋው ተነሥቷል፤ ወለሉ ታጥቧል። እጇን አነሣችና የተከፈተውን በር ሁለት ጊዜ አንኳኳች።