ጥፍር የምታህል አደይ

«ምነው እስከዳሬ፣ ምነው መቸኮልሽ፣
እናትሽ ሳትቀድም አንቺ መቅደምሽ!»

አልቃሿ እትዬ ፋንታዬ ከጃናሞራ ድረስ በአይሱዙ ተጭነው መጥተው፣ ደባርቅ ለቅሶ ድንኳኑ ደጅ እንደ ደረሱ ያወረዱት ሙሾ ይህ ነበር። ግጥሙ ያማረ ነው፤ ድምፁም አንጀት ይበላል። አንድ እንከን ብቻ አለው። እስከዳር አልሞተችም። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ንፍሮ በእጇ ይዛለች። የሞተችው እናቷ አልጣሽ ናት።

«ኧረ እትዬ፣ አለሁ!» አለች እስከዳር፣ ስሙ እንደ ተጠራ ተማሪ እጇን አንሥታ። ዳባት አስተማሪ ናትና አመሉ አልለቀቃትም።

እትዬ ፋንታዬ አንዴ እሷን፣ አንዴ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ አዩ። አማተቡ።

«ታዲያ ይቺ ማን ናት?»

ሰው ሁሉ ወደ ሙሌ ዞረ። ሙሌ የእስከዳር የአክስት ልጅ ነው፤ ከተማው ውስጥ ፎቶ ቤት አለው። አልጣሽ በሕይወቷ አንድም ፎቶ ተነሥታ ስለማታውቅ፣ የእስከዳርን ፎቶ በኮምፒውተር አስረጅቶ፣ ሻሽ አሥሮለት፣ «እናቷ ናት» ብሎ ሰቅሎታል።

«ሰባ ዓመት አድርጋት ስለው ሠላሳ አምስት ላይ ቆመብኝ» አለ ሙሌ። «ኢንተርኔቱ ደካማ ነበር።»

«ሞት ኔትወርክ ጠፍቶበት አያውቅም» አሉ እትዬ ፋንታዬ። «በል አውርደው! የሷ የሆነ ነገር ስጡኝ። ምን ይዤ ላልቅስ?»

በዚያ አገር በባዶ እጅ አይለቀስም። ጥላም ይሁን ቀሚስ፣ ጠመንጃም ይሁን ፎቶ፣ የሟች የሆነ ነገር ከፍ ይላል፤ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። አልጣሽ ግን ልብሷን ሳትሞት ለድሆች ሰጥታ ጨርሳለች፤ በቀረችው ነጠላ ተገነዘችባት። ዛሬ ሠልስቷ ነው። ከቀትር በኋላ ድንኳኑ ይፈርሳል። እናቷ በልጇ ፊት፣ ያውም በኮምፒውተር በተጨማደደ ፊት፣ ተለቅሶላት ልትቀር መሆኑን ስታስብ እስከዳር ንፍሮውን አስቀመጠች። እስካሁን እንባ ጠብ አላላትም።

ፎቶ ላይ አልጣሽ እልኸኛ ነበረች። አንድ ፈረንጅ መንገድ ላይ ካሜራ ቢያነሣባት ድንጋይ አነሣችበት፤ የፈረንጁ ሩጫ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ይወራል። «መልኬን የማን ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው?» ትል ነበር። እስከዳር የተመረቀች ዕለት እንኳ አለማምና አጠገቧ አቆመቻት፤ ፎቶ አንሺው «ዝግጁ!» ሲል አልጣሽ የለችም። ከአበባ ሻጯ ጋር «ለዚህ ሣር ይህን ያህል?» እያለች ስትከራከር ተገኘች።

«እማ፣ አንቺ እኮ ከጎንደር አልፈሽ አታውቂም» ብላ ስትስቅባት፣ «እጄ ባሕር ተሻግሯል» ትላታለች፣ ፀጉሯን እየሠራች። ለእስከዳር፣ እናቷ ለቱሪስት የሸጠችውን ሰፌድ ማለቷ ይመስላት ነበር። አልጣሽ የልጇን ፀጉር የምትከፍለው በቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ነው፤ በልጅነቷ ማጭድ ጫፏን የቆረጣት፣ ጥፍር የሌላት ጣት። ጭረት የማታውቅ፣ ለስላሳ።

«እኔ ዘንድ አለች» የሚል ድምፅ ከሽማግሌዎቹ መካከል መጣ።

አያ ቢራራ ነበሩ፤ በጎልማሳነታቸው ፖስታ በበቅሎ ወደ ጃናሞራ ያመላልሱ የነበሩ። ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡ፣ ገለጡ፣ ከመዝሙሩ መካከል አንዲት አሮጌ ቴምብር በሁለት ጣት አንሥተው ለእስከዳር ሰጧት።

ቢጫ አደይ አበባ ናት። ከግንዷ አንድ እጅ ይዟታል። የእጁ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም።

«ላጉላው እንዴ?» አለ ሙሌ ስልኩን አውጥቶ።

«አንተ እጅህን ሰብስብ!» አሉት ሦስት ሴቶች።

«መስከረም ነበር፣ ክረምቱ ሲወጣ» አሉ አያ ቢራራ። «ለቴምብር አደይ የሚሥል ሠዓሊ ከአዲስ አበባ መጣ። መንገድ የማሳየው እኔ ነኝ። የእኛ ነፋስ ግን አበባዋን አላስቆም አለው። አልጣሽ ከብት ስትመልስ ደረሰች። ‹ምን ሆነህ ከሣር ጋር ትጣላለህ?› ብላ ያዘችለት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ‹ፊትሽንም ልሣልሽ› ቢላት…»

«ድንጋይ አነሣች» አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ።

«አነሣች። በግራዋ። ቀኟ አበባዋን አልለቀቀም።»

ሳቅ ተነሣና መሃል ላይ ጠፋ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ አያ ቢራራ?»

«‹ተሣለች ይሉኛል› ብላ አስምላኝ ነበር፣ የኔ ዓለም። ሞት መሐላውን ፈታው። ስንት አገር ደብዳቤ ሄደ! ሁሉንም ይዛ የሄደች እሷ ናት። ስንቱን በበቅሎ ጫንኩት። ይቺን አንዷን አስቀረሁ።»

እስከዳር ቴምብሯን አየቻት። ስሙን በማታውቀው ከተማ፣ በረዶ በሚጥልበት መንገድ፣ የማታውቀው ሰው በሩን ከፍቶ ደብዳቤ ያነሣል፤ የእናቷ እጅ አበባ ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል። ይህ ሁሉ ሲሆን አልጣሽ ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

«አንሺያት፣ ልጄ» አሉ እትዬ ፋንታዬ ቀስ ብለው።

እስከዳር ወደ መካከል ገባች፣ ቴምብሯን ከራሷ በላይ አነሣች። ከፊት ከቆሙት በቀር ማንም አያያትም። ሆኖም የተቀመጠው ሁሉ ተነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ ፋንታዬ ሙሾ ሊያወጡ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት፤ ትንፋሻቸው እንዳይወስዳት ፈሩ። ድንኳን ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

ሸራው ተርገበገበ፤ ያ ነፋስ ገባ።

እስከዳር ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። የቀኝ እጇን ትንሿን ጣት ብቻ፣ ከጫፏ አጠፈቻት።